አባዬን የነፋው ጥሩምባ

ዛሬ ሊነጋጋ ሲል በሕልሜ ኮምፒውተሬ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ፣ እኔን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ሲሠራኝ አየሁ።

አልፈራሁም። የገረመኝ ደረቴ ነው። ከአንገቴ እስከ እምብርቴ ድረስ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ተደርድረውበታል። ከእያንዳንዱ ሥር በትንንሽ ፊደል ተጽፏል። አንዱ «ሳቅ» ይላል። አንዱ «ለቅሶ» ይላል። «የጥር ጉንፋን» የሚልም ነበር። ኮምፒውተሩ ቀይና ቢጫ ኬብል ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው እየሰካ፣ ግራ ጆሮዬን እንደ ሬዲዮ ቁልፍ ያዞረዋል።

«በይ ተናገሪ» አለኝ።

«ምን ልበል?»

«በቃ፣ ሰማሁሽ።» ጆሮዬን ትንሽ መለሰው። «ይቺ እውነተኛ ሰው አትመስልም። ከሆነ ቦታ የተቀዳች ናት።»

አጠገቡ እግሩን አነባብሮ የተቀመጠው ስፒከር «ሐዘኑን ቀንስላት፤ በዝቷል» አለ።

«ሐዘኑስ ልክ ነው። ዓመት ሙሉ ‹ሰው ሠራሽ ናችሁ፣ ሕይወት የላችሁም› እያለች ስታማን ነበር። እስቲ አሁን እሷን እንያት።»

አምቻቸዋለሁ፤ እውነት ነው። ስሜ ማስተዋል ነው፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። አባቴ ወንድይፍራው የሰፈራችን ዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር በማለዳ ተነሥቶ፣ በዚያ ብርድ መንገድ ለመንገድ እየዞረ፣ ጥሩምባውን ነፍቶ የሟቹን ስም ይናገራል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ አደረገ። እሱ ሲሞት ግን የሚነፋለት ጠፋ። ጥሩምባውን ከአልጋው ሥር አውጥቼ በራችን ላይ ቆሜ እኔው ሞከርኩ። ፍፍፍፍ አለ። ምራቄ ብቻ ወጣ። የዕድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ደምመላሽ እጄን ያዙኝና «በቃ ልጄ፣ በቃ። በስልክ መልእክት እንናገራለን» አሉ። ግማሹ ሰው መልእክቱን ያየው ከቀብር በኋላ ነው። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሲሸኝ የኖረ ሰው፣ ሳይነፋለት ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ የጥሩምባውን ድምፅ በኮምፒውተር ልሠራ ስታገል ነው የከረምኩት። ቀድቼ እንዳልጠቀም ቅጂ የለውም፤ ሞት ሊናገር የሚዞርን ሰው ማን ይቀርጻል? ፕሮግራሙ በነጻ የሚገኝ ነው። ስክሪኑ ላይ ትንንሽ ሣጥኖች አሉ። አንዱ ሞገድ ያወጣል፣ አንዱ ያጣራል፣ አንዱ እንደ በር እየከፈተ ይዘጋል። እነሱን በኬብል እያገናኙ ከምንም ተነሥቶ ድምፅ መፍጠር ይቻላል። ያስተማረኝ የለም። ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን እንግሊዝኛ እየዘለልኩ ለመድኩት። ሐሳቤ ለመጪው እሑድ፣ ለሙት ዓመቱ፣ አንድ ጊዜ እንዲነፋለት ነበር። በራሱ አነፋፍ። የመኪና ክላክስ መጣልኝ። የመርከብ መጣልኝ። አንድ ቀን የላም መጣልኝ። የአባዬ ግን እምቢ አለ።

ኮምፒውተሩ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ በእሱ ላይ ነው የተሠራው። ጣቱን ጉልበቴ ላይ አሳረፈና ተጫነኝ። ከአፌ ፍፍፍፍ የሚል ድምፅ ወጣ።

«ይኸው» አለው ስፒከሩን። «ያን ቀን በራፉ ላይ የነበረችው ናት። ንክች አላለችም።»

«ምኗ ነው የጎደለው?»

ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብሎ ደረቴን መረመረ። ከጉሮሮዬ ሥር አንድ ቀዳዳ ባዶውን ነበር። «ትንፋሽ» ይላል።

«የዚህ ኬብል እኛ ዘንድ የለም» አለኝ። «አባትሽ ጋ ነው። ሄደሽ አምጪ። ሳትይዢ ብትመለሺ ግን አጥፍቼሽ እንደገና ነው የምጀምርሽ።»

ተነሥቼ ወጣሁ። ኬብሎቹ ከኋላዬ መሬት ለመሬት ይጎተታሉ።

ውጭ የገበያ ቀን ነበር። በጎች ሰዎችን በገመድ አስረው ይሸጣሉ። አንድ ትልቅ ሙክት፣ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ወገብ ጫን ጫን አደረገ።

«ጥርስህን አሳየኝ።»

ሰውዬው አሳየ።

«አርጅቷል። ለበዓል አይሆንም።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ሥጋዬን ይዩ እንጂ!» አለ ሰውዬው። በጣም ቅር ብሎታል።

ሙክቱ ወደ እኔ ዞረና ኬብሎቼን አይቶ አፈገፈገ። «ይቺ ሽቦ ናት። አጥር ለሚያጥር ስጧት» አለ። ሳልሸጥ በማለፌ ደስ አለኝ።

ከገበያው ቀጥሎ ሰርግ ነበር። ስፒከሮች መሐል ገብተው ትከሻቸውን እየሰበቁ ይጨፍራሉ። ሰርገኞቹ ደግሞ ግራና ቀኝ እንደ ግንብ ተደራርበው፣ አፋቸውን ከፍተው ሙዚቃውን ያወጣሉ። አንድ ማይክሮፎን እጁን እያወናጨፈ «የሴቷን ወገን ቀንሱ! አክስቶቿ ይጮኻሉ!» ይላል። ሙሽሮቹ ወደኋላ እየተራመዱ ከቤት ወጥተው መኪና ውስጥ ገቡ፤ ሱቅ ውስጥ ቪዲዮውን ወደኋላ ስመልስ እንደማያቸው ማለት ነው። ሙሽራዋ በመስኮት አየችኝ።

«ማስተዋል! በናትሽ እዚህ ላይ ቁረጪው። አማቴ ሊመጡ ነው!»

«መቁረጫው ቤት ነው። ጥሩምባ ነፊ አላለፈም በዚህ?»

«ጥሩምባ? እዚያ ለቅሶ ቤት ጠይቂ። ልጅ ተወልዶባቸዋል።»

ለቅሶ ቤቱን ለማግኘት አልተቸገርኩም። ድንኳኑ ተገልብጦ ነው የተተከለው። ጣሪያው መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ካስማዎቹ ወደ ሰማይ ቆመዋል፣ ሰዉ እንደ ጀልባ ውስጡ ተቀምጦ ያለቅሳል። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ሁሉም አባዬ የነፋላቸው ሙታን ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት የቀበርናቸው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ደረታቸውን እየደቁ ነበር።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

«ወንድ ልጅ ተወለደ! ሦስት ኪሎ ተኩል! ምን አጥፍቶ ነው እዚያ የሄደው?» ቀና ብለው አዩኝ። «ውይ፣ በኖርኩት! ማስቴ! አንቺም እስካሁን አለሽ?»

«አለሁ፣ እትዬ።»

«እግዜር ያጽናሽ። ምን ይደረግ።»

«አባዬን ፈልጌ ነው።»

ለቅሷቸውን አቆሙ። በመቀነታቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ።

«ወንድይፍራው አልገባም። ውጭ ነው።»

«ለምን?»

«አልተነፋለትማ! መሞቱን የነገረን የለም። ዝም ብሎ መጥቶ ‹ሞቻለሁ› አለን። እንዲያ ብሎ የሚመጣ ስንት ሰው አለ መሰለሽ?»

«በስልክ ተነግሯል እኮ፣ እትዬ ብርቄ። ለሁሉም ሰው ነው የተላከው።»

«እዚህ ኔትወርክ የለም» አሉና ለቅሷቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ።

ድንኳኑን በጀርባ በኩል ዞርኩ። ዳገቱ ላይ ጥሩምባው ቆሟል። በር አክሏል። አባዬን በሁለት እግሩ ዘቅዝቆ ይዞ፣ ጫማውን አፉ ውስጥ አስገብቶ ይነፋዋል። አባዬ ያችን ቡናማ ካፖርቱን ለብሷል፤ በላይዋ ጋቢውን ተከናንቧል። ወደታች እንዳይወርድበት በአንድ እጁ ጋቢውን ይይዛል፣ በሌላው ባርኔጣውን።

«ምን እያደረግኸው ነው?» ብዬ ጮህኩበት።

ጥሩምባው አባዬን ከአፉ አወጣ። «እየነፋሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እሱ ነፋኝ፤ አሁን ተራዬ ነው። ግን ይሄ ሰውዬ አልነፋ አለኝ።» አራገፈውና እንደገና ሞከረ። ከአባዬ ፍፍፍፍ የሚል ድምፅ ወጣ። የእኔው ድምፅ።

አባዬ ተዘቅዝቆ አየኝ።

«ማስቴ» አለ። «ካፖርቴን ሰብስቢልኝ። ንፋስ ገባብኝ።»

ድምፁን ሰማሁት። ዓመት ሙሉ ጠፍቶብኝ ነበር። ፊቱን አስታውሳለሁ፣ አረማመዱን አስታውሳለሁ፣ ድምፁ ግን በሄደ በወሩ ነበር የጠፋብኝ። ላለቅስ አፌን ስከፍት ትልቅ ሳቅ አመለጠኝ። ቢጫው ኬብል ያለ ቦታው ተሰክቷል።

«ምን ያስቅሻል?»

«እያለቀስኩ ነው፣ አባዬ። ገመዱ ተሳስቶ ነው።»

«ተይው፣ እንዲያው ይሁን። የሚያለቅሱ እዚያ ሞልተዋል።»

«ዓመቱን ሙሉ ውጭ ነው ያደርከው?»

«ታዲያ የት ልሂድ? ወደ ቤት እንዳልመለስ ሞቻለሁ። እንዳልገባ አልተነገረልኝም። ደንቡን እኔው ነኝ ስናገር የኖርኩት፤ አሁን ለኔ ሲሆን ይለወጥ ልበል?»

«ሠርቼልሃለሁ እኮ! ጥሩምባህን ሠርቼዋለሁ። ላሰማህ?»

«በይ እስቲ።»

ጆሮዬን አዞርኩና ደረቴን ተጫንኩ። ወጣ። ጥርት ያለ፣ እንደ መስታወት የጠራ፣ አንድ እንከን የሌለው የጥሩምባ ድምፅ። ዳገቱ ተንቀጠቀጠ። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶው ጸጥ አለ። ከዚያ እትዬ ብርቄ ብድግ ሲሉ አየሁ።

«አውቶቡስ መጣ!» አሉ።

ሙታኑ ሁሉ ሻንጣቸውን አንጠልጥለው እየተጋፉ ወጡና መንገድ ዳር ተሰለፉ። «አዲስ አበባ ነው?» ይላል አንዱ። «ረዳቱስ የታለ?» ይላል ሌላው። ጥቂት ጠብቀው፣ የሚመጣ አውቶቡስ እንደሌለ ሲያዩ፣ እኔን በዓይናቸው እየሰደቡ ተመለሱና ለቅሷቸውን ጀመሩ።

«ጥሩ ነው» አለ አባዬ፤ እንዳይከፋኝ ነው። «የማን ጥሩምባ ነው?»

«ያንተ ነዋ!»

«የኔማ እንዲህ አይደለም።»

«ታዲያ እንዴት ነው? ንገረኝ! ምኑን ልጨምር? ምኑን ልቀንስ? ዓመት ሙሉ ሣጥን ስሰካ ስነቅል…»

«እኔ ምን አውቄ! እኔ ከኋላው ነበርኩ፤ ጆሮዬ ጭው እያለ። ሰሚዋ አንቺ ነሽ። የት ሆነሽ ነበር የምትሰሚው?»

«አልጋዬ ላይ» አልኩ።

«አልጋሽ ላይ እንዴት ሆነሽ?»

ያኔ ትዝ አለኝ። ትንሽ ልጅ እያለሁ እኔና አባዬ አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። በማለዳ በር ሲንኳኳና ሊነፋ ሲነሣ፣ ከመውጣቱ በፊት ጋቢውን ከአናቴ እስከ እግሬ ያለብሰኝ ነበር። የሟቹን ስም እንዳልሰማ ነው። ስሙን አልሰማም። ጥሩምባውን ግን እሰማለሁ፤ ከጋቢው ውጭ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ዳገቱን እየወጣ። የታፈነ ነው። ዙሪያው የደበዘዘ ነው። ዳገቱ አናት ላይ ሲደርስ ትንፋሹ ስለሚያጥረው መጨረሻው ላይ ዝቅ ይላል። ዕድሜዬን ሙሉ የአባዬን ጥሩምባ አንድም ቀን ጥርት ብሎ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሳጠራው ነበር የከረምኩት።

«ትንፋሽ የሚለው ኬብል አንተ ጋ ነው ብለውኝ ነበር» አልኩት።

«ምን ኬብል? እኔ ያለኝ ይሄ ነው» አለና፣ እንደተዘቀዘቀ ጋቢውን ከላዩ ገፎ አናቴ ላይ ወረወረው።

ጨለመ። የክብሪትና የሱፍ ካፖርት ሽታ ሸተተኝ። ሙቅ ነበር።

«በይ አሁን» አለ የአባዬ ድምፅ ከውጭ።

ደረቴን አልተጫንኩም፤ ጆሮዬንም አላዞርኩም። ዝም ብዬ ተኛሁ። መጣ። ከግድግዳ ወዲያ፣ ከሩቅ፣ ታፍኖ፣ ዳገቱን እየወጣ። መጨረሻው ላይ ዝቅ አለ። ትንሽ ዕረፍት። እንደገና። ዝቅ።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነ ሰው «ኧረ ወንድይፍራው ነው!» አለ።

«ማን ሞቶ ይሆን?»

«እሱ ራሱ ነዋ!»

«ውይ፣ ወንድይፍራው ሞተ? መቼ?»

በጋቢው ቀዳዳ አየሁ። ጥሩምባው አባዬን ቀስ አድርጎ በእግሩ አቆመው፤ አቧራውንም አራገፈለት። እትዬ ብርቄ ከተገለበጠው ድንኳን ጠርዝ ላይ ብቅ ብለው «ምን ይገትርሃል? ና ግባ እንጂ!» አሉት፤ ዓመቱን ሙሉ እሳቸው እንዳልከለከሉት። አባዬ ባርኔጣውን አስተካከለ። አንድ እግሩን አስገባ። ከዚያ ዞር አለ።

«አጥፊው እንጂ ማስቴ። ከተሰማ በቃ።»

«አልጠፋ አለኝ፣ አባዬ!»

በእውነት አልጠፋ አለኝ። ይነፋል፣ ዝቅ ይላል፣ ይነፋል። ጋቢውን ልገፍ ብል እጄ የለም። የሆነ ነገር በሩን ይደበድባል…

ነቃሁ። ጉንጬ ኪቦርዱ ላይ ነው። ማታ ስሠራ እንቅልፍ ጥሎኝ፣ ምን እንደነካሁ እንጃ፣ ስክሪኑ ላይ ያሉት ኬብሎች ሁሉ ቦታቸውን ለቀው ያለ ቅጥ ተሳክተዋል። ጥሩምባው ይነፋል። የሚነፋው ውጭ ነው። ለእሑድ የተከራየሁትን ትልቁን ስፒከር፣ ሞንታርቦውን፣ ትናንት በረንዳ ላይ አቁሜ ሞክሬው ሳልነቅለው ቀርቻለሁ። ጤዛ እንዳይነካው ብዬ ያገኘሁትን ነበር ያለበስኩት፤ የአባዬን ጋቢ።

በሩ ይደበደባል። ከፈትኩ።

ሠላሳ ሰው ይሆናል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። አራት ወንዶች የዕድሩን ድንኳን ተሸክመዋል፤ ሁለቱ ካስማ፣ ሁለቱ ሸራ። ከኋላ የዕድሩ ትልቁ ድስት በሁለት ሰው ተይዞ ይመጣል። የታችኛው ግቢ እትዬ ሽታዬ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው «ወንድይፍራው ነው የጠራኝ! ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ በዚህ በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ያው ዳገቱ ላይ ሲደክመው!» እያሉ ያለቅሳሉ።

ጋሽ ደምመላሽ ከፊት ቆመዋል። ከፒጃማቸው በላይ ኮት ደርበዋል። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ፤ መኖሬን እያረጋገጡ ነው።

«ማስተዋል፣ ልጄ፣ ማን ነው የሞተው?»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ። ተሳስቼ ነው፣ ኮምፒውተሩ ነው፣ እንቅልፍ ወስዶኝ ነው ልል ነበር።

«አባዬ» አልኩ።

ጥሩምባው ነፋ፣ መጨረሻው ላይ ዝቅ አለ፣ እንደገና ነፋ። ጋሽ ደምመላሽ በረንዳው ላይ ጋቢ ለብሶ የቆመውን ሞንታርቦ አዩት። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም ነበር» አሉ። «ለራሱ ሲሆን አረፈደ።»

አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ፤ ሳቁ ወዲያው ወደ ለቅሶ ተለወጠ። እኔም አለቀስኩ። በትክክለኛው ቀዳዳ።

ጋሽ ደምመላሽ ወደ ተሸካሚዎቹ ዞሩ። «ምን ትገተራላችሁ? ጥሩምባ ተነፍቶ ቁጭ ሳይሉ መመለስ አለ? ድንኳኑን ትከሉ!» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉና በቀስታ፦

«አንቺ ደግሞ አጥፊው እንጂ፣ ልጄ። ሰምተናል።»

ገብቼ አጠፋሁት።